“አመመኝ” ብቻ አይበቃም፦ የሕመም ቃላት በአማርኛ፣ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ

ኩፓት ሆሊም ሄዶ ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው በመጀመሪያ የሚጠየቀው “ማ ኮኤቭ?” ተብሎ ነው። ምን ያምዎታል ማለት ነው። ብዙ አባቶችና እናቶች ለዚህ መልስ አያጡም። የሚያማቸውን ቦታ በእጃቸው እያመለከቱ “ኮኤቭ፣ ኮኤቭ” ይላሉ። ችግር የሚመጣው ሁለተኛው ጥያቄ ሲከተል ነው፦ “ኤይኽ ዜ ኮኤቭ?” እንዴት አድርጎ ነው የሚያምዎት? እዚህ ላይ በአማርኛ አሥርና አሥራ አምስት ቃል ያለው ሰው፣ በዕብራይስጥ አንዲት ቃል ብቻ ይዞ ይቀራል።

ሐኪሙ ይህን የሚጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። የደም ግፊት በመሣሪያ ይለካል፤ ስኳር ከጣት በሚወጣ የደም ጠብታ ይታወቃል፤ ሕመምን ግን ከታማሚው አፍ በቀር የሚናገርለት የለም። የሚወጋ፣ የሚያቃጥልና የሚጫን ሕመም አንድ ዓይነት ምርመራ አይታዘዝላቸውም። ስለዚህ ትክክለኛዋ ቃል ከተነገረች ሐኪሙ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመለከታል፤ ካልተነገረች ደግሞ ታማሚው “አካሞል ይውሰዱ” ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

አንድ የእንግሊዝኛ ግስና ዘመዶቹ

በስልክ ላይ የሚገኙ ብዙ መዝገበ ቃላት አማርኛን የሚያጣምሩት ከእንግሊዝኛ ጋር ነው። “አመመ” ተብሎ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚመጣው “ሀርት” የሚለው ግስ ነው። ይህ ቃል ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ መነሻ ትርጉሙ መምታት፣ መግጨት ነበር። ዛሬ ግን ሰፊ ነው፦ አካል ሲያም “ሀርት” ይባላል፣ ሰው ሰውን ሲጎዳ “ሀርት” ይባላል፣ ክፉ ቃል ስሜትን ሲያቆስልም ያው “ሀርት” ነው።

ቃሉ እንዲህ ሰፊ ስለሆነ እንግሊዞች ሕመሙን ለይተው መናገር ሲፈልጉ ሌላ ቃል ይመርጣሉ። “ኤክ” የሚሉት ሳያቋርጥ ቀስ ብሎ የሚያመውን ነው፤ የራስ፣ የጥርስ፣ የጆሮና የወገብ ሕመም ስሞች ሁሉ በዚህ ቃል ይጨረሳሉ። “ሶር” የሚባለው ሲነኩት የሚያም፣ ወይም ብዙ ሥራ ከተሠራ በኋላ የሚሰማ ሕመም ነው። “ስቲንግ” እንደ ንብ መርፌ የሚነድፍ ነው። “ስሮብ” ከልብ ምት ጋር እየመታ የሚጠዘጥዝ ነው። “በርን” ደግሞ የሚያቃጥል ነው።

የሕክምና ተመራማሪዎችም ይህን የቃላት ልዩነት ንቀው አላለፉትም። ሮናልድ ሜልዛክ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በሞንትሪያል ካናዳ በሚገኘው በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር። ሕመምተኞች ሕመማቸውን የሚገልጹባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ሰብስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የማክጊል የሕመም መጠይቅ የሚባለውን አሳተመ። በመጠይቁ ውስጥ 78 ቃላት በ20 ወገን ተከፍለው ተደርድረዋል። የሚወጉት ለብቻ፣ የሚያቃጥሉት ለብቻ፣ የሚጨመድዱት ለብቻ ናቸው። “ሀርት” የሚለው ቃል ከነዚያ 78 ቃላት አንዱ ብቻ ነው። መጠይቁ ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በሕመም ክሊኒኮች ሥራ ላይ ውሏል።

አማርኛው ከሥራና ከቤት የወሰዳቸው ቃላት

አማርኛም ከዚህ አያንስም። የሕመም ቃሎቻችን አብዛኞቹ ከእርሻ፣ ከማጀትና ከእንጨት ሥራ የመጡ ግሶች ናቸው። ሕመሙን እንደ አንድ ሠራተኛ፣ ሰውነትን ደግሞ እንደሚሠራበት ነገር አድርገው ያሳያሉ።

“ራሴን ይፈልጠኛል” የሚል ሰው ቃሉን የወሰደው ከመጥረቢያ ነው፤ መጥረቢያ ግንድ እንደሚፈልጥ ሕመሙ ራሱን ይፈልጠዋል። እንግሊዝኛም ለከባድ ራስ ምታት “የሚሰነጥቅ” የሚል ቃል አለው። በዕብራይስጥ ግን ራሱ አይፈለጥም፣ ይፈነዳል፤ “ሃሮሽ ሚትፖጼፅ ሊ” ይላሉ።

“ይወጋኛል” ከጦርና ከእሾህ የመጣ ነው፤ ስሙም ውጋት ነው። ድንገት ጠልቆ የሚገባ ሕመም ሲሆን፣ አንዳንዴ ትንፋሽ ሲሳብ ይብሳል። በዕብራይስጥ “ዶኬር ሊ” ይባላል፤ ይህም ቃል በቃል ያው መውጋት ነው።

“ይቆርጠኛል” ከቢላዋ ነው፤ ቁርጠት የሚባለው የሆድ ሕመም ከዚህ ይወጣል። የቁርጠት ጠባዩ መጥቶ ማጥበቅ፣ ከዚያ ለቀቅ ማድረግ፣ ከዚያ እንደገና መምጣት ነው። ለዚህ ዕብራይስጡ “ሂትካቭጹዮት” ይላል፤ መኮማተር እንደ ማለት ነው። ይመጣል ይሄዳል ለማለት “ባ ቬሆሌኽ” ይባላል።

“ይቆረጥመኛል” ቆሎ ወይም አጥንት ሲቆረጠም ከሚሰማው የተወሰደ ነው። ቁርጥማት መገጣጠሚያንና አጥንትን የሚያም ሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜ በብርድ ይብሳል ይባላል። በዕብራይስጥ አንዲት ቃል ስለማትገኝለት “ኬኤቪም ባሚፍራኪም” ማለት ይሻላል፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ማለት ነው።

“ይጠዘጥዘኛል” ቁስል ሲያመረቅዝ ወይም ጥርስ ሲበላ የሚሰማው ነው። ቱክ ቱክ እያለ ከልብ ምት ጋር የሚሄድ ሲሆን በዕብራይስጥ “ፖዔም” ይባላል። “ይቆጠቁጠኛል” ደግሞ ጭስ ዓይን ውስጥ ሲገባ፣ ወይም ጨው ቁስል ላይ ሲነካ ያለው ስሜት ነው። “ይለበልበኛል” ሳማ የነካው ሰው የሚናገረው ነው። ለነዚህ ለሁለቱና ለ“ያቃጥለኛል” ዕብራይስጡ በብዛት የሚጠቀመው “ሶሬፍ ሊ” በሚለው ቃል ነው። ሽንት ሲሸኑ የሚያቃጥልም በዚሁ ይነገራል። ይህን ለመናገር ብዙዎች ያፍራሉ፤ ሐኪም ዘንድ ግን በየቀኑ የሚሰማ ተራ ቃል ነው።

“ጨምድዶ ይይዘኛል”፣ “ሰንጎ ያዘኝ”፣ “ይጫነኛል” የሚሉት ከባድ ነገር ወይም ጠንካራ እጅ እንደያዘን ያህል የሚሰሙ ናቸው። በዕብራይስጥ “ሎሔፅ ሊ” ይባላል። ይህ ቃል በደረት ላይ ሲሆን ትልቅ ትርጉም ስላለው ወደ በኋላ ይመለከተናል።

“ደነዘዘኝ” እና “ይነዝረኛል” በነርቭ በኩል የሚመጡ ስሜቶችን ይናገራሉ። እግር ላይ ጉንዳን የሚሄድ ሲመስል በዕብራይስጥ “ኒምሉል” ይባላል፤ ቃሉ የተገኘው “ኔማላ” ከሚለው፣ ጉንዳን ከሚባለው ስም ነው። የሕክምናውም ቃል “ፎርሚካ” ከሚለው ከላቲኑ የጉንዳን ስም የወጣ ነው። ሦስት ቋንቋ ተለያይቶ ሳለ ሁሉም በአንዲት ጉንዳን ላይ ተገናኝቷል። ስኳር ያለበት ሰው ይህን ስሜት፣ ወይም የእግር ጫማውን የሚያቃጥል ነገር ከተሰማው ዝም ማለት የለበትም፤ ስኳር የእግርን ነርቭ ሊጎዳ ይችላልና። “ዬሽ ሊ ኒምሉል ባራግላይም” ካለ ሐኪሙ ወዲያው ይገባዋል። ጭራሽ አይሰማኝም ለማለት ደግሞ “ኤን ሊ ትሑሻ” ነው።

ማን ነው የሚያመው? ስለ አገባቡ

አማርኛ “ራሴን አመመኝ” ሲል ራስ ተጎጂ ነው፤ አድራጊው ስሙ አይጠራም። እንግሊዝኛ ግን ራሱን አድራጊ አድርጎ “ራሴ ያማል” ይላል። ዕብራይስጡ “ኮኤቭ ሊ ሃሮሽ” ሲል “ራስ ያምብኛል” እንደ ማለት ነው፤ “ሊ” የምትለው ትንሽ ቃል የእኛን “-ኝ” ትተካለች። ይህችን ከያዙ ሌላው ቀላል ነው፦ ዶኬር ሊ፣ ሶሬፍ ሊ፣ ሎሔፅ ሊ።

በዕብራይስጥ የአካል ክፍሎች ወንድና ሴት ተብለው ይለያሉ። ራስ ወንድ ስለሆነ “ኮኤቭ ሊ ሃሮሽ”፤ ሆድ ሴት ስለሆነች “ኮኤቬት ሊ ሃቤተን”፤ እግሮች ብዙና ሴት ስለሆኑ “ኮአቮት ሊ ሃራግላይም” ይባላል። ይህ ቢሳሳት ግን ማንም አይቆጣም፤ ሐኪሙ ይረዳል። አስፈላጊው ሕመሙን የሚለየውን ቃል መናገር ነው።

ግዕዝ የሰማ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያግዘዋል። ሮሽና ራስ፣ ሌቭና ልብ፣ ዓዪንና ዓይን፣ ክላዮትና ኩላሊት ወንድማማች ቃላት ናቸው። ጉልበት በዕብራይስጥ “ቤሬኽ” የሚባለው በግዕዝ “ብርክ” ከሚባለው ጋር አንድ ነው፤ “ተንበረከከ” የምንለውም ከዚያው ነው። ጥርስ “ሼን” ሲባል ግዕዙ “ስን” ይለዋል።

የሚያሳስቱ ቃላት

ይሁንና ወንድማማች ቃላት ሁሌ አንድ ነገር አይናገሩም። ከሁሉ የሚያሳስተው ልብ ነው። በአማርኛ “ልቤን” የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የሆዱን አፍ፣ ከደረት በታች ያለውን ቦታ ነው። “ልቤን ያቃጥለኛል” ሲል ቃር መሆኑ ነው፤ “ልቤን ያጥወለውለኛል” ሲል ማስመለስ መፈለጉ ነው። ይህ ቃል በቃል “ሌቭ” ተብሎ ሲተረጎም ሐኪሙ ስለ ልብ በሽታ ያስባል፣ ታማሚውንም ወደ ልብ ምርመራ ይልካል። ለቃር ዕብራይስጡ “ፃሬቬት”፣ ለማቅለሽለሽ “ብሒላ” ነው። ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እንግሊዞችም ቃርን የሚጠሩት “የልብ ቃጠሎ” ብለው ነው፤ የሚቃጠለው ግን ከጨጓራ ወደ ላይ በሚመጣ አሲድ የተነካው የምግብ ቧንቧ ነው።

ሁለተኛው ኩላሊት ነው። ወገቡን ያመመው ሰው “ኩላሊቴን” ሲል ይሰማል። “ክላዮት” ተብሎ ከተተረጎመ የሽንት ምርመራ ሊታዘዝ፣ የወገቡ ነገር ግን ሊዘገይ ይችላል። ለታችኛው ወገብ ትክክለኛው ቃል “ጋቭ ታሕቶን” ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስም ከመጥራት ይልቅ በአንድ ጣት ቦታውን ማሳየት ነው።

ሦስተኛው “አሞኛል” ነው። በአማርኛ ይህ ቃል ታምሜያለሁ ለማለትም፣ አንድ አካሌ ያመኛል ለማለትም ይሆናል። በዕብራይስጥ ሁለቱ ይለያያሉ፦ የታመመ ሰው “አኒ ሖሌ”፣ ሴት ከሆነች “አኒ ሖላ” ይላል፤ አካሉን የሚያመው ግን “ኮኤቭ ሊ” ይላል። ነርሷ “ዬሽ ሖም?” ብላ ስትጠይቅም የምትጠይቀው ስለ ትኩሳት እንጂ፣ ለጆሮ እንደሚመስለው ስለ ሕመም አይደለም። “ኬን” ብሎ የመለሰ ሰው ትኩሳት አለኝ ማለቱ ነው።

አራተኛው ከኀዘን ጋር የተያያዘው ነው። “ሆዴን ባሰኝ”፣ “አንጀቴ አረረ”፣ “ልቤ ተሰበረ” ሲባል የሚናገረው ስለ ሆድና ስለ አንጀት አይደለም። የሰው ናፍቆት፣ የሞተ ዘመድ፣ የልጅ ጭንቀት ነው። ይህ በልጅ ልጅ አፍ “ኮኤቬት ላ ሃቤተን” ተብሎ ከተተረጎመ እናትዮዋ የሆድ መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ፤ ኀዘኑ ግን እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ለመናገር “አኒ ዓጹቫ”፣ ወንድ ከሆነ “አኒ ዓጹቭ” ይባላል። አዝኛለሁ፣ ከፍቶኛል ማለት ነው። ይህም ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው።

ጊዜ የማይሰጡት ቃላት

አንዳንድ ቃላት ሐኪም ቤት ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠበቁም። ደረትን የሚጫን ወይም ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ ሕመም የልብ ድካም ምልክት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ማጌን ዳዊት አዶም በ101 መደወል ነው። “ሎሔፅ ሊ ባሓዜ” ማለት ደረቴን ይጫነኛል ነው፤ “ካሼ ሊ ሊንሾም” ማለት መተንፈስ አቃተኝ ነው። ሕመሙ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ሐኪሞች “ማክሪን” ይላሉ፤ ወደ ክንድ ይሄዳል ለማለት “ማክሪን ላያድ” ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሴቶች፣ በዕድሜ በገፉና ስኳር ባለባቸው ሰዎች የልብ ሕመም ደረትን ሳይጫን ሊመጣ ይችላል። በሆድ አፍ ላይ ማቃጠል፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድንገተኛ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ “ልቤን ነው ያቃጠለኝ፣ ቃር ነው” ብሎ በራስ መወሰን አይገባም። ከዚህ በፊት ያልነበረ፣ ድንገት የመጣ፣ ከላብ ጋር የሆነ ከሆነ መደወል ይሻላል። ድንገት ለማለት “ፒትኦም” ነው።

እንዲሁም ፊት በአንድ በኩል ከጎበጠ፣ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ድንገት ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ አንደበት ከተሳሰረ “ሻባፅ” የሚባለው የአንጎል ምት ሊሆን ስለሚችል ያው 101 ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያምም። ስለማያምም ሰው ተኝቶ ይነሳ ይባላል፤ በዚህ መካከል አንጎል የሚድንበት ሰዓት ያልፋል።

ስንት ነው ከአሥር?

ሐኪሞችና ነርሶች “ሜኤፌስ ዓድ ዔሴር” ብለው ይጠይቃሉ፤ ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው ማለት ነው። ዜሮ ምንም የማያም፣ አሥር ደግሞ ሊታሰብ ከሚችለው የከፋው ነው። ለብዙ ሽማግሌዎች ይህ ጥያቄ እንግዳ ነው። ባሕላችን ቻይነትን ያከብራል፤ የሚጮህ ሰው እንደ ደካማ ይታያል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኙ አባት “ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው” ይላሉ፤ ነርሷም 2 ብላ ትጽፋለች።

ቁጥሩ ካስቸገረ ሕመሙ ምን እንደሚከለክል መናገር ይቻላል። እንቅልፍ ይነሳኛል ለማለት “አኒ ሎ ያሼን”፣ ሴት ከሆነች “አኒ ሎ ዬሼና” ይባላል። መራመድ፣ ደረጃ መውጣት፣ እንጀራ መጋገር ያስተወ ሕመም ትንሽ አይደለም። “በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም” የሚለው ተረት ለዚህ ነው የሚነገረው።

ማን ይተርጉም?

ብዙ ቤት ውስጥ አስተርጓሚው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ልጆቹ በጎ ፈቃድ አላቸው፤ ነገር ግን የዛሬ ልጅ ውጋትን ከቁርጠት፣ ቁርጥማትን ከጥዝጠዛ ላይለይ ይችላል። ሁሉንም “ኮኤቭ ላ” ብሎ ያልፈዋል። ደግሞም አያት በልጅ ልጅ ፊት ስለ ሽንት፣ ስለ ማሕፀን፣ ስለ ኀዘን አይናገሩም።

በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የታማሚ መብት ሕግ፣ ሐኪም ለታማሚው መረጃ የሚሰጠው ታማሚው በሚገባ ሊረዳው በሚችል መንገድ እንዲሆን ያዛል። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት በቋንቋና በባሕል ለሁሉም ተገልጋይ እንዲመቹ አዟል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም፣ ነውርም አይደለም። ወንድ “አኒ ፃሪኽ ሜቱርገማን ለአምሃሪት”፣ ሴት “አኒ ፅሪኻ ሜቱርገማን ለአምሃሪት” ማለት ይችላሉ። ይህንንም ቀጠሮ ሲያዝ አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

ከቀጠሮ በፊት

ሐኪሙ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ከቤት ሲወጡ አምስት ነገር በልብ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የት እንደሚያም፣ በአንድ ጣት። ሁለተኛ፣ እንዴት እንደሚያም፦ ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ ይጫናል፣ ይቆርጣል ወይስ ይጠዘጥዛል? ሦስተኛ፣ መቼ እንደጀመረ፤ ሳያቋርጥ ከሆነ “ኮል ሃዝማን”፣ ይመጣል ይሄዳል ከሆነ “ባ ቬሆሌኽ”። አራተኛ፣ ምን እንደሚያብሰውና ምን እንደሚያስታግሰው፦ መብላት፣ መተኛት፣ መራመድ፣ መተንፈስ። አምስተኛ፣ የተወሰደው መድኃኒት ሁሉ፣ የቤት መድኃኒትና ቅጠልም ጭምር።

ዕብራይስጡ ከጠፋ አማርኛውን ቃል ሳያሳጥሩ ለአስተርጓሚው መናገር ነው። “ያመኛል” ብቻ ብሎ ከመተው፣ “ከጎኔ ጀምሮ ወደ ብሽሽቴ እየቆረጠ ይወርዳል” ያለ ሰው ለሐኪሙ የምርመራውን ግማሽ ሠርቶለታል።